ከጊጋው በፊት ኢንኮደሩን ጠይቁ

ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ ወደ ሱቃችን የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ከዚያ «ጂቲኤ ይከፍታል?» ይላል። ኮምፒውተር መገጣጠምና መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ እነዚህን ጥያቄዎች ስመልስ ነው የምውለው። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለራሱ ለሚጫወት ሰው ከሞላ ጎደል ይበቃሉም። ላይቭ ገብቶ ጨዋታውን ለሌሎች ለማሳየት ለሚያስብ ወጣት ግን ትልቁ ጥያቄ ገና አልተነሳም። ካርዱ ውስጥ ቪዲዮ የሚጨምቅ ኢንኮደር አለ ወይ? ካለስ የትኛው ትውልድ ነው? ይህን የሚጠይቀኝ እምብዛም የለም፤ መልሱ የሚታወቀው ብር ከተከፈለ በኋላ ነው። ስንት ወር ተቆጥቦ የተገዛ ዕቃ ለተፈለገበት ሥራ የማይሆን ሆኖ ሲገኝ ማየት ያንገበግበኛል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። የተለመደው ሙሉ ኤችዲ ስክሪን በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይሆናል። የአንዷን ነጥብ ቀለም ለመግለጽ 24 ቢት ያስፈልጋል። ጨዋታው ደግሞ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ሙሉ ምስል፣ ያወጣል። ሁሉንም ስታባዙት በሰከንድ 3 ጊጋቢት ገደማ ይመጣል። የተለመደ የቤት ኢንተርኔት ይህን አይሸከምም። የጨዋታ ላይቭ የሚታይበት ትዊች ለአስተላላፊዎቹ ሲመክር የኖረው በሰከንድ 6 ሜጋቢት አካባቢ ነው፤ ከዋናው 500ኛ እጅ ማለት ነው። እንግዲህ ተመልካቹ ጋ የሚደርሰው ምስል 499 እጁ ተወግዶ፣ ዐይን ግን ብዙ ሳያስተውል መድረስ አለበት። ኢንኮዲንግ የሚባለው ሥራ ይህ ነው።

ዛሬም በላይቭ በብዛት የሚሠራበት ኤች.264 የተባለው ስታንዳርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ኢንኮደሩ ፍሬሙን 16 በ16 ነጥብ በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍለዋል። እያንዳንዷን ካሬ ይዞ ያለፈውን ፍሬም ይበረብራል፤ ይቺ ቅድም የት ነበረች? ባለችበት ናት ወይስ ወደ ግራ ሄዳለች? ካገኛት እንደገና አይልካትም። «ቅድም እዚያ የነበረችው አሁን እዚህ ናት» የሚል አጭር መመሪያና የቀረችውን ልዩነት ብቻ ይልካል። ልዩነቷንም ቢሆን ዐይን የማይዘውን ረቂቅ ነገር እየጣለ ያሳንሳታል። በየሁለት ሰከንዱ ግን ሙሉውን ፍሬም እንደ አዲስ ይልካል፤ አለዚያ መሃል ላይ የገባ ተመልካች ምንም አያይም።

ድካሙ ያለው ፍለጋው ላይ ነው። በደንብ የፈለገ ኢንኮደር ብዙ ካሬ «ተገኘ» ብሎ ስለሚያልፍ የተመደበለትን ቢት ለከባዱ ቦታ ያውለዋል። በጥድፊያ የፈለገ ደግሞ ያላገኘውን ሁሉ እንደ አዲስ መላክ ይኖርበታል፤ ቢቱ አይበቃውም፤ ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይፈርሳል። ፊልም የሚያዘጋጅ ሰው ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ እንዲያድር ትቶት መተኛት ይችላል። ላይቭ ላይ ይህ የለም። በሰከንድ 60 ፍሬም ከሆነ ለአንዱ የተሰጠው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ማለቅ አለበት።

ለብዙ ዓመታት ይህን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነበር። ትዊች በ2011 ጀስቲን ቲቪ ከተባለው ድረ ገጽ ተለይቶ ሲወጣ፣ በ2014 አማዞን 970 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ሲገዛውም፣ ጥራት የሚፈልግ አስተላላፊ የሚመርጠው ኤክስ264 የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ነበር። ኤክስ264ን እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። «ቬሪ ፋስት»፣ «ፋስት»፣ «ሚዲየም»፣ «ስሎው» እየተባለ የሚወርድ ደረጃ አለው፤ ወደ «ስሎው» በተጠጋ ቁጥር ፍለጋው ይጠልቃል፣ ምስሉም ያምራል። ግን ጨዋታውም ያንኑ ፕሮሰሰር ይፈልገዋል። የኳሷን አቅጣጫ፣ የተከላካዩን ውሳኔ፣ የመኪናውን ግጭት የሚያሰላው እሱ ነው። ሁለቱ ሲሻሙ ወይ ጨዋታው ይቆራረጣል ወይ ላይቩ። አቅም የነበራቸው የአሜሪካና የአውሮፓ አስተላላፊዎች ሁለት ኮምፒውተር ይዘው ነበር የሚሠሩት፤ አንዱ ለጨዋታው፣ ሌላው ለኢንኮዲንግ ብቻ፣ መሃላቸው የአንዱን ምስል ለሌላው የሚያቀብል ካፕቸር ካርድ። እኛ ዘንድ አንዱን ኮምፒውተር ማግኘትም በስንት መከራ ነው።

አንድ ወጣት ደንበኛዬ ዴስክቶፑን ተሸክሞ መጣ። ባለ አራት ኮር ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ ጂቲኤክስ 1060 ካርድ፤ ደህና ዕቃ ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ በዩቲዩብ ያስተላልፋል።

«ጋሼ፣ ብቻዬን ስጫወት ምንም አይልም። ላይቭ ስገባ ነው የሚቆራረጠው። ካርዱን ልቀይረው መሰለኝ» አለኝ።

«ቆይ፣ ሳትቀይረው እንየው» አልኩት። ጨዋታውን ከፈተ፣ ላይቭ የሚያስተላልፍበትን ሶፍትዌር፣ ኦቢኤስን፣ አስነሳ። ታስክ ማናጀር ላይ የፕሮሰሰሩ መስመር ጣሪያ ነክቶ ቀረ፤ ካርዱ ግን ግማሽ ያህሉ ሥራ ፈት ነው። የኦቢኤስን ሴቲንግ ገብተን ስናይ ኢንኮደሩ ኤክስ264 ላይ ነው፤ ደረጃው «ሚዲየም»። ዓመታት ያለፉት የማስተማሪያ ቪዲዮ አይቶ ነው እንደዚያ ያደረገው። ኢንኮደሩን ወደ ኤንቪዲያው ኤንቬንክ ለወጥነው። የፕሮሰሰሩ መስመር ወዲያው ወረደ። በካርዱ ገጽ ላይ «ቪዲዮ ኢንኮድ» የሚል ጽሑፍ ያላት፣ እስከዚያች ደቂቃ ወለል ላይ የተኛች መስመር ደግሞ ብድግ አለች። ጨዋታውም አልተነካም፤ ካሜራው ረጅም ኳስ ተከትሎ ሜዳውን ሲያቋርጥ ይንቀጠቀጥ የነበረው ምስል ለስልሶ አለፈ።

«ይሄ ነገር እስካሁን የት ነበር?» አለኝ።

«እዚሁ፣ ካርድህ ውስጥ።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ግራፊክስ ካርድ ከፕሮሰሰር ስለሚበረታ ነው» ይላሉ። ጉዳዩ ጉልበት አይደለም። ሕንፃውን፣ ጥላውን፣ ፊቱን የሚስሉት የካርዱ ኮሮች በአብዛኛው ከኢንኮዲንጉ ውስጥ የሉበትም። ከእነሱ ጎን፣ እዚያው ቺፕ ላይ፣ ቪዲዮ ከመጭመቅ ሌላ ምንም የማይችል ትንሽ ሰርኪዩት አለ። የካሬ ፍለጋውም፣ የልዩነት ስሌቱም በሶፍትዌር ትእዛዝ የሚሠራ አይደለም፤ ፋብሪካው ሲሊከኑ ላይ ቀርጾታል። ወፍጮ ከመፍጨት ሌላ ሙያ የለውም፤ እህሉ አፉ ላይ ከደረሰለት ግን እጅ በመጅ የሚስተካከለው አይደለም። ስለዚህ ጨዋታው ካርዱን እየተጠቀመበትም ኢንኮደሩ የራሱን ሥራ በራሱ ቦታ ይሠራል።

እንግዲህ ያ የቆየ ማስተማሪያ ቪዲዮ ልጁን ዋሽቶታል ማለት አይደለም። ሲቀረጽ እውነት ነበር። ኢንቴል ክዊክ ሲንክ የተባለውን ኢንኮደሩን በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ማስገባት የጀመረው በ2011 ነው። ኤንቪዲያ በ2012 ከጂቲኤክስ 680 ጋር ኤንቬንክን አመጣ፤ ኤኤምዲም በዚያው ሰሞን የራሱን አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ፈጣን ነበሩ፣ ምስላቸው ግን አያረካም። ፍለጋቸው ጥልቀት ስላልነበረው በተመሳሳይ ቢትሬት (በሰከንድ በሚላክ የቢት መጠን) ከኤክስ264 ያነሰ ጥራት ይሰጡ ነበር። በእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ልዩነቱ የሚታየው ሳሩ ላይ ነው፤ ካሜራው ቆሞ ሳለ ቅጠሉ ተለይቶ የሚታየው ሜዳ፣ ካሜራው ሲሮጥ ለጥ ያለ አረንጓዴ ቀለም ይሆናል። ከጎሉ ጀርባ ያለው ተመልካችም ፊት አልባ ይሆናል። ስለዚህ ሙያው ያላቸው ሰዎች «ፕሮሰሰርህ ከቻለ ኤክስ264 ተጠቀም» ሲሉ ትክክል ነበሩ።

ነገሩ የተገለበጠው በ2018 መጨረሻ ነው። ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 20 የተባሉትን ካርዶች ሲያወጣ ኢንኮደሩን በአዲስ መልክ ሠራው። ጥራቱ ኤክስ264 በ«ፋስት»ና በ«ሚዲየም» ከሚሰጠው ጋር ለመወዳደር በቃ፤ ያውም ከፕሮሰሰሩ ምንም ያህል ሳይወስድ። በ2019 መጀመሪያ የወጣው ኦቢኤስ 23 ደግሞ ሌላ እንቅፋት አነሳ። ከዚያ በፊት ኦቢኤስ ፍሬሙን ከካርዱ ሜሞሪ ወደ ራም ያወርደው ነበር፤ ከዚያ ለኢንኮደሩ ተመልሶ ወደ ካርዱ ይወጣል። አዲሱ አሠራር ፍሬሙን እዚያው ካርዱ ውስጥ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ለጨዋታ ላይቭ ሁለተኛ ኮምፒውተር መግዛት ለአብዛኛው ሰው አስፈላጊ አልሆነም። እኔ ይህን ትልቅ ነገር ነው የምለው፤ አንድ መካከለኛ ኮምፒውተር ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ሁለት ውድ ኮምፒውተር ካለው የካሊፎርኒያ ሰው ጋር በምስል ጥራት የተቀራረበው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ስለሆነ ዝርዝሩን ታገሡኝ። «አዲስ ካርድ ነው» ማለት «አዲስ ኢንኮደር አለው» ማለት አይደለም። ጂቲኤክስ 1650 በ2019 ሲወጣ የጨዋታው ክፍል አዲስ ነበር፤ ኢንኮደሩ ግን የቀድሞው ትውልድ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጣው 1650 ሱፐር አዲሱን ይዟል። በካርቶኑ ላይ የሚለያቸው «ሱፐር» የምትል አንዲት ቃል ናት። ጂቲ 1030 ጨርሶ ኢንኮደር የለውም። ኤምኤክስ 150 እና ኤምኤክስ 250 ካርድ ያላቸው ላፕቶፖችም እንደዚሁ፤ «ኤንቪዲያ አለው» ተብለው በደንብ ይሸጣሉ፣ ኤንቬንክ ግን የለባቸውም። በኤኤምዲ በኩል በ2022 የወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በጣም የሚያስቆጨኝ ነው። መጀመሪያ ለላፕቶፕ ታስቦ የተሠራ ቺፕ ስለሆነ ኢንኮደሩን ከነጭራሹ አውጥተውለታል። ዓመታት የሚቀድመው አርኤክስ 580 እንኳ ኢንኮደር አለው፤ ምንም እንኳ ወደፊትም ወደ ኋላም አይቶ የሚጨምቀውን ቢ ፍሬም በኤች.264 መሥራት ባይችልና ጥራቱ በዚያ ምክንያት ቢጎድልም።

አንድ ደንበኛዬ ከሌላ ቦታ «ለስትሪም ምርጥ ነው» ተብሎ ጂቲ 1030 ገዝቶ መጥቶ ነበር። ፕሮሰሰሩን ሳይ ኢንቴል ሆኖ ክዊክ ሲንክ ነበረው፤ በዚያ አዳንነው። እሱም ቢሆን ዕድል ነው። ከሞዴል ቁጥራቸው መጨረሻ «ኤፍ» የምትል ፊደል ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ እንደ 12400ኤፍ ያሉት፣ የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ስለዚህ ክዊክ ሲንክም የላቸውም። ረከስ የሚሉትም ለዚህ ነው።

ጥሩ ኢንኮደር ተይዞም ላይቩ ሊቆራረጥ ይችላል። ያኔ ሰው በግምት ዕቃ መለወጥ ይጀምራል፤ ኦቢኤስ ግን በሽታውን ራሱ ይናገራል። «ስታትስ» የምትል መስኮት አለችው፤ እዚያ የጠፉ ፍሬሞች በሦስት መስመር ተለይተው ይቆጠራሉ። ኢንኮደሩ አልደርስ ብሎ የዘለላቸው ከሆኑ የኢንኮደሩን ሴቲንግ ማቅለል ነው። ኔትወርክ ላይ የወደቁ ከሆኑ ቢትሬቱን ቀንሱ፤ በዚህ ምክንያት ካርድ መቀየር ብር መጣል ነው። ሦስተኛው ሰውን ግራ ያጋባል። ኦቢኤስ ፍሬሙን ለኢንኮደሩ ከማቀበሉ በፊት ጨዋታውን፣ የካሜራውን ምስልና ጽሑፉን አንድ ላይ ያቀናብራል፤ ይህን የሚሠራው በእነዚያው ጨዋታው በሚጠቀምባቸው የካርዱ ኮሮች ነው። ጨዋታው ካርዱን 99 በመቶ ከያዘው ለኦቢኤስ የሚተርፍ የለም፤ ኢንኮደሩ ባዶውን ይጠብቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጨዋታው ውስጥ የፍሬም ገደብ አስገቡ፤ ስክሪናችሁ 60 ካሳየ ጨዋታው 140 የሚያወጣበት ምክንያት የለም። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ ኦቢኤስን «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብላችሁ ብትከፍቱት ካርዱ ላይ ቅድሚያ ያገኛል። «ሉክ አሄድ» የተባለው የኤንቬንክ ምርጫም የካርዱን ኮሮች ይነካል፤ ካርዱ ከተጨናነቀ አጥፉት።

አሁን የቀረው ለእኛ ዋናው ጠባብ ቦታ ነው፤ አፕሎዱ። ካርዱ የፈለገውን ያህል ቢበረታ ከቤት የሚወጣው መስመር በሰከንድ 3 ሜጋቢት ብቻ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያወጣ ከሆነ ምስሉ ከዚያ ጋር መስማማት አለበት። እዚህ ላይ ነው የአዲሶቹ ካርዶች ጥቅም የሚታየኝ። ጉግል፣ አማዞን፣ ኔትፍሊክስና ሌሎችም በ2015 ያቋቋሙት ኅብረት በ2018 ኤቪ1 የተባለ ኮዴክ (የቪዲዮ መጭመቂያ ስታንዳርድ) አወጣ፤ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት። በተመሳሳይ ቢትሬት ከኤች.264 በግልጽ የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ ኤንቪዲያ በራሱ ኢንኮደር 40 በመቶ ይቆጥባል ይላል። ግን ለመጨመቅ እጅግ ከባድ ስለሆነ ጨዋታ እየተጫወቱ በፕሮሰሰር ላይቭ ማስተላለፍ ብዙም አያዋጣም። በ2022 የኢንቴል አርክ፣ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 40 እና የኤኤምዲ አርኤክስ 7000 ካርዶች የኤቪ1 ኢንኮደር በሲሊከን ይዘው መጡ። በ2023 ኦቢኤስ 29.1 በኤቪ1 ወደ ዩቲዩብ ማስተላለፍን ጨመረ። ከሦስቱ የኢንቴሉ ኤ380 ለኪስ የሚቀርበው ነው፤ በጨዋታ ደካማ ቢሆንም ኢንኮደሩ ግን ሙሉ ነው።

ስለ ተመልካቹም ማሰብ አለብን። በሰከንድ 6 ሜጋቢት የሚተላለፍን ላይቭ ሳይቀንሱ አንድ ሰዓት ማየት 2.7 ጊጋባይት ይበላል። በሞባይል ዳታ ለሚያይ የኛ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ወደ 1.5 ሜጋቢት የወረደ ምርጫ ቢኖረው ከ700 ሜጋባይት በታች ያልቅለት ነበር። ትዊች ይህን ዝቅ ያለ ምርጫ በራሱ ሰርቨር እየሠራ ማቅረቡን የሚያረጋግጠው «ፓርትነር» ለሚላቸው አስተላላፊዎቹ ነው፤ ለሌላው ቦታ ሲተርፍ ነው። በጥር 2024 ከኤንቪዲያና ከኦቢኤስ ጋር ሆኖ ያስታወቀው አዲስ አሠራር ሥራውን ወደ አስተላላፊው ካርድ ያመጣዋል፤ ካርዱ አንዱን ጨዋታ በተለያየ መጠን በአንድ ጊዜ ጨምቆ ሁሉንም ይልካል። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ሁሉም መጠን ከቤት መውጣት ስላለበት ግን አፕሎዱ ከአንዱ ስርጭት የበለጠ ይፈልጋል፤ መስመራቸው ጠባብ ለሆነ ደንበኞቼ ግን አልመክረውም። ዩቲዩብ አንዱን ስርጭት ተቀብሎ ዝቅ ያሉትን መጠኖች ራሱ ይሠራል፤ ስለዚህ ለእነሱ አንድ ጥሩ የኤቪ1 ስርጭት ወደ ዩቲዩብ መላክ ይሻላል።

ለአዲስ ካርድ ብር ለሌለው ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ወይም አርቲኤክስ 2060 እመርጣለሁ፤ ሁለቱም የ2018ቱን ኢንኮደር ይዘዋል። ላይቭ ከመግባታችሁ በፊት በዚያው ቢትሬት ጥቂት ደቂቃ ሪከርድ አድርጋችሁ በስልካችሁ እዩት። 3 ሜጋቢት ላይ 1080 የሚፈርስ ከሆነ ወደ 720 አውርዱት፤ ለብዙ ካሬ ይከፋፈል የነበረው ቢት ለጥቂቱ ስለሚውል ምስሉ ይጠራል፤ በስልክ የሚያየውም ብዙ ልዩነት አያገኝበትም።